ገደል የሚዘለው ሰው ደፋር ነው፤ ፊልሙስ?

ስለ ሐረር የተሠራ አጭር ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያልደረሰው ሰው ዛሬ ማግኘት ይቸግራል። አብዛኞቹ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ይመስላሉ። ድሮን ከጀጎል ግንብ በላይ ይነሣል፤ ካሜራው በአንዱ በር ይገባል፤ ሰማያዊና ሮዝ በተቀቡ ግድግዳዎች መሐል ጠባቡን መተላለፊያ ይከተላል፤ ቡና ይቀዳል። ከዚያም ይመሻል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ጅብ ከሰው አፍ ሥጋ ይቀበላል። ድሬዳዋም የራሷ ተርታ አላት፦ ባጃጅ፣ የባቡር ጣቢያው ፊት፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ግመል።

ይህ መመሳሰል በሁለቱ ከተሞች በቪዲዮ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶችን ያከራክራል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቋጨው "ድፍረት ጠፋ" በሚል ድምዳሜ ነው። ድፍረት ያለበት ሥራ የቱ ነው ሲባል ደግሞ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ከውጭ የሚመጣ ነው፦ በረዶ ከለበሰ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻዎች አስሮ፣ ራሱን ወደ ገደል የሚወረውር ሰው።

ምሳሌው መመርመር አለበት። የበረዶ ሸርተቴ ፊልም ታሪክ በቅርበት ሲታይ የሚነግረን ከሚታሰበው ተቃራኒውን ነው። በዚህ የፊልም ዘርፍ ውስጥ ሰው ነፍሱን አስይዞ የሚዘልበት ቀረጻ፣ ለፊልም ሠሪው ከሁሉም ይልቅ አስተማማኙና ጥያቄ የማያስነሣው ቀረጻ ሆኖ ኖሯል።

ሁለት የተለያዩ ድፍረቶች

በአማርኛ "በረዶ" ስንል ቀድሞ የሚታሰበን ከሰማይ የሚወርደው ጠጠር፣ በሐረርጌ ደጋ የደረሰ ማሳን ባንድ ከሰዓት የሚያወድመው ነው። የፊልሞቹ በረዶ ሌላ ነው፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየረገፈ ይከመራል፣ ሰውን እስከ ወገቡ ይውጣል። ያልተረገጠውን ለስላሳ ክምር ባለሙያዎቹ "ፓውደር" ይሉታል፤ የፊልሙ ዋና ጌጥም እርሱ ነው። ስፖርቱ ለኢትዮጵያ ፍጹም ባዕድ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ አገሩን በመወከል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ፣ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ 83ኛ ወጥቷል።

የበረዶ ሸርተቴ ፊልም ሲባል ግን ውድድር ማለት አይደለም። ዳኛም ሰዓትም የለበትም። ጥቂት ስመ ጥር ስፖርተኞች ከካሜራ ባለሙያዎች ጋር ተራራ እየፈለጉ፣ ከቁልቁለቱ የተሻለውን መስመር እየመረጡ የሚሠሩት፣ በየዓመቱ በአዳራሽ የሚታይ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ "ድፍረት" የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ የአካል አደጋ ነው፦ መሰበር፣ መቀበር፣ መሞት። ሁለተኛው የፈጠራ አደጋ ነው፦ ተመልካቹ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ፊቱን ቢያዞር፣ ስፖንሰሩ ቢሸሽ፣ የሁለት ዓመት ልፋት መና ቢቀር። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ እንጂ አይሄዱም። አምና ከ20 ሜትር የተዘለለው ዘንድሮ ከ30 ሜትር ቢዘለል፣ ለዘላዩ አደጋው እጅግ ጨምሯል። ካሜራው ግን የቆመው ያው ቦታ ነው፣ ሙዚቃው የሚፈነዳው ያው ቅጽበት ላይ ነው፣ ተመልካቹም የሚጮኸው ያኔውኑ ነው። ለፊልሙ የተለወጠ ነገር የለም።

በረዶ ገንዘብ የሚሆንበት መንገድ

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት የዘርፉን የገንዘብ አካሄድ ማየት ይበጃል።

አሜሪካዊው ዋረን ሚለር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰን ቫሊ የመዝናኛ ሥፍራ በመኪና ማቆሚያ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ተጎታች ቤት ውስጥ ከጓደኛው ጋር እየኖረ መንሸራተትንና መቅረጽን ጀመረ። የመጀመሪያውን ሙሉ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1950 ለሕዝብ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አዲስ ፊልም ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ በራሱ አንደበት እየተረከ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያርፍ በስሙ የሚወጣው ዓመታዊ ፊልም አሁንም ይሠራ ነበር። ዘርፉ ዛሬም የሚመራበትን የዓመት ዑደት ያጸናው እርሱ ነው ማለት ይቻላል፦ በክረምት ቀረጻ፣ በበጋ ቅንብር፣ በረዶ ከመጣሉ በፊት ባሉት የመጸው ወራት ደግሞ በየከተማው ማሳየት። ተመልካቹ ለመጪው ወቅት ልቡ ሲነሣ የመንሸራተቻ መሣሪያ፣ የጃኬትና የመዝናኛ ሥፍራ ነጋዴዎች ደጁ ላይ ይጠብቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደ ማችስቲክ ፕሮዳክሽንስና ቴቶን ግራቪቲ ሪሰርች ያሉ ድርጅቶች ሲመጡ ዑደቱ ይበልጥ ጠነከረ። ፊልሙ በ"ሴግመንት" ይከፋፈላል። ሴግመንት ማለት አንድ ስፖርተኛ ከአንድ ዘፈን ጋር ብቻውን የሚታይበት የጥቂት ደቂቃ ክፍል ነው። ስፖርተኛው የሚተዳደረው በስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰሩም ለፊልሙ ወጪ የሚያዋጣው ስፖርተኛው፣ ጃኬቱና መንሸራተቻው በግልጽ እንዲታዩለት ነው። አላስካን በመሰሉ ሩቅ ተራራዎች የሄሊኮፕተር ኪራይ ብቻውን በጀት ያራቁታል። አየሩ እስኪከፈት ሳምንት መጠበቅም አለ፤ በሚጠበቅበት ጊዜ ሁሉ ሒሳቡ ይቆጥራል።

እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ያለ ፊልም ሠሪ በቅርጽ ላይ ለመጫወት የሚቀረው ቦታ ትንሽ ነው። የክፍሉ ርዝመት ተወስኗል፣ የሚታየው ሰው ተወስኗል፣ የሚጠናቀቅበት ወር ተወስኗል። ሳይወሰን የሚቀረው የገደሉ ከፍታ ነው። ስለዚህ ዘንድሮን ከአምና የሚለየው እርሱ ይሆናል። የፈጠራው በር ሲጠብ ልዩነት የመፍጠሩ ጫና በሰውየው አካል ላይ ይወርዳል ማለት ነው። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው።

ከተርታው የወጡት

እ.ኤ.አ. በ1988 ግሬግ ስተምፕ "ዘ ብሊዛርድ ኦቭ አህስ" የተባለውን ፊልም አወጣ። ስተምፕ ካሜራውን ወደ ፈረንሳይዋ ሻሞኒ አዞረ፤ ፀጉሩን መሐል ለመሐል አቁሞ ቀለም የነከረውን ግሌን ፕሌክን የመሰሉ፣ ጠባያቸው ከችሎታቸው እኩል የሚታይ ሰዎችን ከፊት አመጣ፤ የዘመኑን ሙዚቃ ከራሱ ትረካ ጋር አዋሐደ። ተመልካቹ መንሸራተትን ብቻ ሳይሆን ሰው አየ። ውጤቱ ግን ሌላም ገጽ አለው። እርሱ የከፈተውን መንገድ ተከታዮቹ እየተቀባበሉ ሲረግጡት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐመፁ ራሱ ተርታ ሆነ። ፓውደር ላይ አንድ ሰው ካለፈበት በኋላ ሌላው ያንኑ መስመር ቢደግመው ለስላሳው በረዶ አይገኝም፤ በፊልምም እንዲሁ ነው።

ጠጋ ብሎ ማየት የሚገባው ሌላው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 ሼርፓስ ሲኒማ በተባለው የካናዳ ቡድን የተሠራው "ኦል አይ ካን" ነው። ፊልሙ በአብዛኛው ታላላቅ ተራራዎችን ያሳያል። መሐሉ ላይ ግን ጄፒ ኦክሌር የተባለው ስፖርተኛ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትንንሽ ከተሞች፣ በተለይም የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ባለባት በትሬል፣ በመኖሪያ ሰፈር መሐል የሚንሸራተትበት አንድ ክፍል አለ። ሄሊኮፕተርም ሰማይ ጠቀስ ተራራም የለበትም። በረዶው በጎዳና ጭቃ ያደፈ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ የለም። ሰውየው ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ ከደረጃ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ መንገድ እየተሻገረ፣ የዕለት ሥራቸው ላይ ባሉ የሰፈር ሰዎች አጠገብ ያልፋል። ዓይናችን መንሸራተቱን ትቶ ሰፈሩን ማየት ይጀምራል፦ የቤቶቹን መደጋገፍ፣ የቁልቁለቱን ድካም፣ እዚያ የሚኖረውን ሕይወት። ክፍሉ በኢንተርኔት ከሙሉው ፊልም ተነጥሎ ራሱን ችሎ ዓለምን ዞረ።

የዚህ ክፍል ትምህርት በአቀማመጡም ውስጥ ነው። የሼርፓስ ሲኒማ ሰዎች ሙሉውን ፊልም በከተማ ጎዳና ላይ አላስያዙም። ተመልካቹ የሚጠብቀውን ተራራና ፓውደር ሰጥተው፣ ከመሐሉ ጥቂት ደቂቃ ቆርጠው ላልተሞከረው ነገር መደቡ። ክፍሉ ባይወደድ ኖሮ ፊልሙ አይወድቅም ነበር።

ማስታወቂያም ቢሆን ሁልጊዜ የፈጠራ ጠላት አይደለም። ስዊትግራስ ፕሮዳክሽንስ የተባለው የፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለፊሊፕስ ቴሌቪዥን ማስተዋወቂያ በሠራው "አፍተርግሎው" በተባለ አጭር ፊልም፣ የአላስካና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራራዎች በሌሊት በግዙፍ ባለቀለም መብራቶች ደመቁ፤ ስፖርተኞቹም አምፖል የተሰፋበት ልብስ ለብሰው ወረዱ። ደፋሩን ሐሳብ የከፈለው ነጋዴ ነው። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛ ካንዲድ ቶቬክስ ራሱ ላይ ባሰረው ትንሽ ካሜራ ከተራራ ጫፍ እስከ መዝናኛው መንደር የወረደበትን ቪዲዮ በነጻ ለቀቀ፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አየው። የትኛውም አዳራሽ ያን ያህል ተመልካች አያስተናግድም።

ለልማዱ የሚሟገቱት

የተለመደውን መንገድ መከተል ስንፍና ነው የሚለው ፍርድ ግን ይቸኩላል። ከሚለር ፊልሞች ጋር ያደጉ ቤተሰቦች ወደ አዳራሹ የሚሄዱት አዲስ ነገር ፍለጋ አልነበረም። የክረምቱን መምጣት አብረው ለመቀበል ነበር። የሐረሪዎች ዓመታዊ በዓል ሹዋሊድ ዘንድሮም እንደ አምናው በመሆኑ ቅር የሚለው ሐረሪ የለም። እንዲያውም ሌላ ሆኖ ቢገኝ ነበር የሚከፋው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባውም ተጠብቆና ተደጋግሞ በመምጣቱ ነው። ለአንዳንድ ፊልምም መደጋገም ለታዳሚው የተገባ ቃል ነው።

ሁለተኛው ሙግት የኑሮ ነው። ድርጅትን ለ20 ዓመት በሕይወት ያቆየ ልማድ የካሜራ ባለሙያዎችን ደመወዝም ከፍሏል። ስዊትግራስ አንዱን ትልቅ ፊልም ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይወስድ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ያለ ገቢ መቆየት የሚችለው ጥቂቱ ነው።

ሦስተኛው ሐረርን በቀጥታ ይመለከታል። ከተማዋን አይቶ የማያውቅ ሰው የጅቡን ቀረጻ ሲያይ ለእርሱ የመጀመሪያው ነው፤ የሰለቸነው እኛ ነን፣ የሚሠራው ደግሞ ለእርሱ ነው። ይህ ጠንካራ ሙግት ነው። ችግሩ ሰው ዛሬ ቪዲዮ አንድ በአንድ አለማየቱ ነው። ስልኩ አንዱን እስከ መጨረሻው ካየ መሰሉን አከታትሎ ያቀርብለታል። አምስተኛው ላይ ሐረር ምን እንደሆነች ያወቀ ይመስለዋል። ቢመጣም ለአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ጅቡን አይቶ በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለት ይወርዳል። በግንቡ ውስጥ ያሉት 82 መስጊዶች፣ የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ስም ያወጣለት የመኪና ግርግር መንገድ፣ በየሐረሪ ቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው ሰፌድ ከጉዞው ውጪ ይቀራሉ። የገበያው ሥሌት እንኳ ቢሆን ልማዱን እስከ መጨረሻ አይደግፍም።

ሒሳቡን የሚከፍለው

እ.ኤ.አ. በ1970 ጃፓናዊው ዩይቺሮ ሚዩራ ከኤቨረስት ጫፍ በታች ካለው ሳውዝ ኮል ከተባለው ሥፍራ ተነሥቶ፣ ፍጥነቱን የሚገታ ፓራሹት ከጀርባው አስሮ ቁልቁል ወረደ። ወድቆ በበረዶው ላይ ተንከባልሎ ከገደሉ አፍ በጥቂቱ ርቆ ቆመ። ስለ ጉዞው የተሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1976 በምርጥ ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አገኘ። በዚያው ጉዞ ላይ ግን የበረዶ ክምር ተደርምሶ ሼርፓ ከሚባለው የኔፓል ተራራማ ሕዝብ የተቀጠሩ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል። የፊልሙ ስም የወጣው በአንድ ሰው ነው፣ ዋጋውን የከፈሉት ብዙዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላም ዘርፉ በጣም የሚወዳቸውን ሰዎች አጥቷል። ስመ ጥሩ ስፖርተኛ ሼን ማኮንኪ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በጣልያን ዶሎማይት ተራራዎች ከገደል ተንሸራቶ በፓራሹት ለማረፍ ሲሞክር፣ ለፊልም በሚቀረጽበት ወቅት ሞተ። በትሬል ጓሮዎች የተንሸራተተው ጄፒ ኦክሌርም እ.ኤ.አ. በ2014 ከሙያ ባልደረባው ከአንድሬያስ ፍራንሶን ጋር በቺሊ በበረዶ ናዳ ሕይወቱ አልፏል። እነዚህን ሞቶች ለካሜራው ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም፤ ካሜራ ባይኖርም ተራራ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም የበረዶ ናዳ ደኅንነት አሠልጣኞች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ፦ ሰው ሌሎች እያዩት ሲሆን፣ ዕድሉም ዛሬ ብቻ ሲመስለው፣ "ይቅር" የምትለው ቃል ከአፉ ለመውጣት ትቸገራለች። ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ካሜራ ተደቅኖ ሲጠበቅ ደግሞ ቃሏ ይበልጥ ትከብዳለች።

ከጅቡ አፍ እስከ ደቻቱ አሸዋ

ወደ ሐረር ስንመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጅብ ሲመገብ የሚያሳየው ቀረጻ ደፋር ይመስላል። አጭሯን እንጨት ጥርሱ ላይ ነክሶ የተቀመጠው መጋቢ በእርግጥም ደፋር ነው። ካሜራማኑ ግን ከባጃጁ ፊት መብራት ኋላ ቆሟል፤ የት እንደሚያነጣጥርና መቼ እንደሚጮህለት አስቀድሞ ያውቃል። ቀረጻው የከሸፈበት ሰው የለም፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሚቀርጸው።

ያልተቀረጸው ከመብራቱ ውጪ ያለው ነው። መጋቢው ቀን ላይ ከሥጋ ቤት ትራፊውን ሲለምን ወይም ሲገዛ። ጅቦቹን በየስማቸው ሲጠራ የሚለዋወጠው የድምፁ ቃና። ጎብኚው ሄዶ መብራቱ ሲጠፋ ጨለማው ውስጥ የሚሰማው የአጥንት ድምፅ። ጅቦቹ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው በባዶው መተላለፊያ ሲሄዱ፣ ከአንዱ ቤት ደጃፍ የሚሰማ ሳል። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሌሊት እንጂ ተጨማሪ አደጋ አያስፈልግም።

ድሬዳዋም እንዲሁ ናት። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያ አሸዋ ከነዝምታው፣ ዛሬ ከሚረግጡት እግሮች ጋር ለፊልም የሚበቃ ነው። ከባጃጁና ከጣቢያው ተርታ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ማስተዋወቂያ አዛዡ "ኀዘን አይሸጥም" ይላል። ከተማዋን ለመሸጥ የተቀጠረ ሰው እንዲህ ማለቱ አያስገርምም። ሆኖም ከተማ የምትታወቀው በሚያሳምሯት ነገሮች ብቻ አይደለም።

በአካባቢያችን የቪዲዮ ባለሙያው የሚተዳደረው በሠርግ፣ በሆቴል ማስታወቂያና በመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራ በኮሚቴ ይታያል፤ ኮሚቴ ደግሞ የሚያውቀውን ያጸድቃል፤ ካላጸደቀ ቀሪው ክፍያ ይዘገያል። በተዋሰው ካሜራ ለሚሠራ፣ የቤት ኪራይ ለሚጠብቀው ወጣት "ድፈር" ብሎ መምከር ኪራዩን ለማይከፍለው ሰው ቀላል ነው። ምክሩ ትርጉም የሚኖረው ኪሳራው የሚቻል ሲሆን ነው።

የኦክሌር ክፍል እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአምስት ደቂቃ ማስተዋወቂያ የሚሠራ ሰው አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንዱን ለግንቡ፣ ለቡናው፣ ለጅቡ ሰጥቶ 40 ሴኮንድ ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ይህን ግን ቅንብሩ ካለቀ በኋላ በድብቅ ማስገባት ኮሚቴውን ከማስቆጣት ሌላ ፋይዳ የለውም። ሥራው ሲጀመር በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፦ ይህ ክፍል የሠሪው ምርጫ ነው፣ አዛዡ ሊያወጣው ይችላል፣ ካወጣው ደግሞ ሠሪው በራሱ ስም ለብቻው የማውጣት መብት አለው። የመጨረሻዋ ሐረግ ዋናዋ ናት። አዛዡ የማይፈልገውን ክፍል ባለመቀበሉ የሚከስረው ነገር የለም፤ ሠሪውም ቢያንስ አንድ ሥራ በእጁ ይቀራል። ወጪው አንድ ተጨማሪ ሌሊትና ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከአርጎ በር ደርሶ የሚመልስ የባጃጅ ሒሳብ ነው፤ ባጃጁ ግን በዚያች ሌሊት መብራቱን አጥፍቶ መጠበቅ ይኖርበታል።